ሃያ ሁለት ዓመት ያልታረመች መስመር

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2014 የኤክስ ዶት ኦርግ ፋውንዴሽን የደኅንነት ማስጠንቀቂያ አወጣ። ጉዳዩ የፎንት ፋይሎችን በሚያነበው «ሊብኤክስፎንት» በተባለ የኮድ ስብስብ ውስጥ የተገኘ ስሕተት ነበር። ስሕተቱ ወደ ኮዱ የገባው በሜይ 1991 ነው፤ ከ22 ዓመት በላይ ሳይታረም ኖሯል።

ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ፣ በዩኒክስና በኋላም በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ መስኮቶችን የሚስል ሥርዓት ነው። ስሕተቱ ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፊደል ስም 100 ባይት ቦታ ቢያዘጋጅም፣ ከፋይሉ የሚያነበውን ስም ርዝመት አይለካም ነበር። ስሙ ከረዘመ ትርፉ ከተመደበለት ቦታ አልፎ ይፈስሳል፤ ፕሮግራሙም ይወድቃል። ማረሚያው በንባብ ትእዛዙ ውስጥ «99» የሚል ገደብ ማስገባት ብቻ ሆነ።

ጉዳቱ ግን ከመውደቅ ያለፈ ነበር። የኤክስ ሰርቨር በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በከፍተኛው የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይሠራ ስለነበር፣ ተራ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ባበላሸው የፎንት ፋይል ያንኑ ሥልጣን ሊነጥቅ ይችል ነበር።

ይህ ሁሉ ዘመን እንዴት አለፈ? ኮዱ ባለአደራ አጥቶ አያውቅም። ከ1988 ጀምሮ በተቋሙ ሥር የነበረው የኤክስ ኮንሰርቲየም ይዞት ቆየ፤ በ1993 ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ፤ በ1997 አደራው ወደ ኦፕን ግሩፕ፣ በ2004 ደግሞ ወደ ዛሬው ፋውንዴሽን ተላለፈ። እያንዳንዱ ተረካቢ የሚሠራ ኮድ ወረሰ። የሚሠራን ነገር ደግሞ የሚመረምረው ጥቂት ሰው ነው። ፋይሎቹም የታመኑ ነበሩ፤ ለግኑ ኢማክስ የተዘጋጁት የግዕዝ ፎንቶች ሳይቀሩ በዚሁ «ቢዲኤፍ» በተባለ የፋይል ዓይነት ተሰራጭተዋል።

ኤሪክ ሬይመንድ በ1997 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ተመልካች ከበዛ ስሕተት ሁሉ በቀላሉ ይገለጣል ሲል ተከራክሮ ነበር። ይህን ስሕተት የጠቆመው ግን «ሲፒፒቼክ» የተባለ ኮድ መርማሪ መሣሪያ ነው። መሣሪያውም ያለው ግዙፍ ግብዓት ፕሮግራሙን ሊጥለው እንደሚችል ብቻ ነበር። የአደጋውን ልክ ለማወቅ ጥቆማውን ተከታትሎ ዳር የሚያደርስ ሰው አስፈልጓል።

ጥያቄው ለዚያ ሰው ጊዜ ማን ይከፍላል የሚል ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል «ሃርትብሊድ» የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ስሕተት ሲገለጥ፣ የሊኑክስ ፋውንዴሽን ከትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ አሰባስቦ ለመሠረታዊ ኮድ ጥበቃ መመደብ ጀመረ። ጀርመን በ2022 ለዚሁ ዓላማ የመንግሥት ፈንድ አቋቋመች። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የግዢን ወጪ ያስቀራል፤ የጥገናን ወጪ ግን አያስቀርም። ቢሮዎቹን በነፃ ሶፍትዌር ለማደራጀት የሚወስን ማንኛውም መንግሥት፣ ከፈቃድ ክፍያ ያተረፈውን ገንዘብ ከፊሉን ኮዱን ለሚያነቡት ካልመደበ፣ ወጪውን ለሚቀጥለው ትውልድ አስተላለፈ እንጂ አልቀነሰም።