ከመስኮት ወደ መጽሐፍ፦ የ«ዶክተር ሁ» ልብ ወለዶችና የቃሎቻቸው ታሪክ

«መመለስ» የሚለው ግስ በአማርኛ ጽሑፍ ሁለት ሥራ ሲሠራ ኖሯል። አንደኛው የሄደውን ወደ ነበረበት ማምጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው ድርሰትን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ማዛወር ነው። ከቴሌቪዥን መስኮት ወደ መጽሐፍ የተዛወሩትን የሳይንስ ልብ ወለዶች ለሚመረምር ሰው ሁለቱም ፍቺዎች ያስፈልጉታል። እነዚህ መጻሕፍት ምስልን ወደ ቃል መልሰዋል፤ የጠፋውንም ለአንባቢ መልሰዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ የሚሆነው ቢ.ቢ.ሲ. በኖቬምበር 1963 ማሳየት የጀመረው «ዶክተር ሁ» ነው። ስሙ ራሱ «ማን?» የሚል ጥያቄ ስላዘለ፣ ተርጓሚውን ገና ከርእሱ ይፈትነዋል። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1964 በፍሬድሪክ ሙለር አሳታሚነት ወጣ። አዘጋጁ ዴቪድ ዊታከር የተከታታዩ የመጀመሪያ የድርሰት አርታኢ የነበረ ሲሆን፣ መነሻ ያደረገው የቴሪ ኔሽንን የዳሌኮች ታሪክ ነው። ዊታከር ግን ቃል በቃል አልገለበጠም፤ ታሪኩን በአንድ ገጸ ባሕርይ አንደበት አስተረከው፤ አጀማመሩንም ለወጠው። በ1973 ታርጌት የተባለው አሳታሚ ይህንና ሌሎች ሁለት ቀደምት መጻሕፍትን እንደገና አሳተመ፤ ከ1974 ጀምሮም አዳዲሶቹን አከታተለ። ከጸሐፊዎቹ ሁሉ ብዙ የሠራው ቴራንስ ዲክስ ሲሆን፣ ብቻውን ከ60 በላይ ጽፏል።

መጻሕፍቱ ክብደት ያገኙት በአንድ ጥፋት ምክንያት ነው። የቴሌቪዥን ድርጅቱ የቪዲዮ ክሮችን ለሌላ ሥራ ለመጠቀም ሲል እስከ 1978 ድረስ ብዙ ቅጂዎችን ደመሰሰ። ከ1960ዎቹ ክፍሎች ውስጥ ከ90 የሚበልጡት ምስላቸው ጠፍቷል። ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው የ«ዶክተር ሁ» ቪዲዮ ካሴት የወጣው በ1983 ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ያለፈውን ታሪክ ማወቅ የፈለገ ሰው የሚያገኘው መጽሐፉን ነበር። መጽሐፉ ተርጓሚም ምስክርም ሆነ። ይሁንና ተርጓሚ የሆነ ምስክር የራሱን ቃል ይጨምራል፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊጠነቀቅ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቃሎችን እንመልከት።

አንደኛው «ታርዲስ» ነው። የዶክተሩ መንኰራኵር ስም ከስድስት የእንግሊዝኛ ቃሎች መነሻ ፊደላት የተቀናበረ ነው። በመጀመሪያው ስርጭት «ልኬት» የሚለው ቃል በነጠላ ተነገረ፤ በዊታከር መጽሐፍ ግን በብዙ ቍጥር ገባ። የብዙ ቍጥሩ አነጋገር ኋላ በስርጭቱም ተለመደ።

ሁለተኛው «ዳሌክ» ነው። ኔሽን ቃሉን ያገኘው ከ«ዳል» እስከ «ሌክ» የሚል ምልክት ካለበት የኢንሳይክሎፒዲያ ጥራዝ ጀርባ እንደ ሆነ ለጋዜጠኞች ተናገረ፤ ኋላ ግን ይህ የፈጠራ ወሬ መሆኑን አመነ። የቃል ፈጣሪ ስለ ቃሉ አመጣጥ የሚሰጠው ምስክርነትም ቢሆን መመርመር እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያስተምረው «ሲሉሪያን» ነው። ማልኮም ሁልክ በ1970 ለቀረበው ድርሰቱ ከምድር በታች ያንቀላፉ፣ አእምሮ ያላቸው ተሳቢ ፍጥረታትን አሰበ፤ በስርጭቱም በዚህ የሥነ ምድር ዘመን ስም ተጠሩ። ዳሩ ግን የሲሉሪያን ዘመን ያለፈው ከ443 እስከ 419 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ተሳቢ እንስሳት ገና አልተፈጠሩም። በ1972 ሁልክ ራሱ በጻፈው ሌላ ድርሰት፣ ትክክለኛው ስም «ኢዮሲን» እንደ ሆነ ዶክተሩ ተናገረ። እርማቱም እርማት አስፈለገው፤ ፍጥረታቱ ዳይኖሰር ሲያሳድሩ ታይተዋልና፣ የኢዮሲን ዘመን ደግሞ የጀመረው ዳይኖሰሮች ከጠፉ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሁልክ በ1974 ታሪኩን ወደ መጽሐፍ ሲመልስ ለርእሱ የዋሻ አውሬዎች የሚል ስም መረጠ። ሆኖም በ2010 ፍጥረታቱ እንደገና በመስኮት ሲታዩ ሲሉሪያን መባላቸው አልቀረም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የቃልን ልደት ከታተመው ገጽ ብቻ መቍጠር የለበትም፤ ዳሌክ በመጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በዲሴምበር 1963 በስርጭት ተሰምቷልና። አዲስ ስያሜ የሚያወጣ ሰው ደግሞ የሙያውን ዐዋቂ መጠየቅ ያለበት ቃሉ ወደ ሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ የለመደን ስም በርእስ ለውጥ ብቻ ማስተው አይቻልም።