ዕዳን በአገልግሎት መክፈል፦ የጤና ባለሙያዎች የገጠር ምደባ ታሪክ ከጎንደር ኮሌጅ እስከ ወጪ መጋራት፣ ከደቡብ ወሎ አንጻር ሲታይ

መግቢያ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው የአስፋልት መንገድ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ከ500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይወጣል። በዚህ አጭር መንገድ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱ ግቢዎች ይገኛሉ፤ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂው፣ በደሴ ደግሞ የሕክምናና የጤና ሳይንሱ ትምህርት ይሰጣል። የደሴ ሆስፒታልም ከደቡብ ወሎ አልፎ ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ከአፋር ቆላ ጭምር የሚመጡ ሕመምተኞችን ሲቀበል የኖረ ነው።

ይህም ሲሆን፣ ከደሴ ተነሥቶ ወደ ለጋምቦ፣ ወደ ደላንታ፣ ወደ መቅደላ፣ ወደ ሳይንትና ወደ ቦረና የሚዘልቅ መንገደኛ እየራቀ በሄደ ቁጥር የሚያገኘው ባለሙያ እያነሰ፣ ያለውም ቶሎ ቶሎ እየተለዋወጠ መሄዱን ይገነዘባል። ምጥ የጸናባትን እናት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪና መንገድ የሚወርዱ ጎረቤታሞች በእነዚህ ወረዳዎች እንግዳ አይደሉም። እንግዲህ ባለሙያ በሚሠለጥንበትና ባለሙያ በሚጠፋበት ሥፍራ መካከል ያለው ርቀት ቢበዛ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ይሁን እንጂ ይህን የአንድ ቀን ጉዞ ለማሳጠር አገራችን ከስድሳ ዓመት በላይ ልዩ ልዩ ዘዴዎችን ስትሞክር ቆይታለች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱን፣ ይኸውም በሕዝብ ገንዘብ የተማረ ባለሙያ የትምህርቱን ዕዳ ባለሙያ በሌለበት ሥፍራ በማገልገል እንዲከፍል የሚያደርገውን ሐሳብ፣ ከታሪኩ ተነሥቶ መመርመር ነው። ጉዳዩ መምህራንን በሁለት መንገድ ይመለከታል። አንደኛ፣ መምህሩ ራሱ ከጤና ባለሙያው ቀድሞ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ነው። ሁለተኛ፣ ወደፊት ሐኪምና ነርስ የሚሆኑት ልጆች ዛሬ በመምህሩ ፊት ተቀምጠው ይገኛሉ።

የመጀመሪያው መፍትሔ፦ ለገጠር ተብሎ የተቀረጸ ሙያ

በ1945 ዓ.ም. ገደማ በጣና ሐይቅ ሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ፣ የሚኖሩትም በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነበር። ከዚህ መከራ በኋላ በ1947 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ጋር በመተባበር የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አቋቋመ።

የኮሌጁ ዕቅድ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ነበር፤ እነሱም የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያ ናቸው። ሦስቱ እንደ አንድ ቡድን ሆነው 50,000 ያህል ሕዝብ በሚያገለግል ጤና ጣቢያ እንዲመደቡ ታሰበ። ተማሪዎቹም ትምህርታቸውን በክፍል ብቻ ሳይሆን ወረርሽኙ በተነሣበት በደምቢያ በቆላ ድባ ጤና ጣቢያ እየወጡ ይለማመዱ ነበር።

በዚህ ዘዴ ውስጥ የገንዘብ ዕዳ የሚባል ነገር አልነበረም። ትምህርቱ፣ ቀለቡና መኝታው በመንግሥት የሚሸፈን ሲሆን፣ ተማሪው በምላሹ የሚጠበቅበት ሥልጠናው በተዘጋጀበት ሥፍራ መሥራት ነበር። የዘዴው ጥንካሬ ግዴታው ከሙያው ጋር አብሮ መሠፋቱ ነው፤ ለጤና ጣቢያ የሠለጠነ ሰው ቦታው ጤና ጣቢያ ነውና። ድካሙ ደግሞ ከዚያው ጥንካሬ መነጨ። በጤና መኮንንነት ብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው በደረጃም በደመወዝም ከፍ ለማለት ሲፈልግ የተከፈተለት ዋና በር ወደ ሐኪምነት ትምህርት የሚወስደው ነበር፤ በዚያ በር የገባ ደግሞ ወደ ወረዳው የመመለሱ ነገር አጠራጣሪ ሆነ። ኋላም በ1971 ዓ.ም. ጎንደር ራሱ ሐኪሞችን ወደሚያሠለጥን ፋኩልቲነት ተለወጠ። የጤና መኮንንነት ሥልጠናም ተቋርጦ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ተጀመረ።

ሁለተኛው ምዕራፍ፦ አንድ ዓመት ለአገር

በ1957 ዓ.ም. በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ተማሪው ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት ተመድቦ ካላገለገለ ዲግሪውን አያገኝም ነበር። ከዘማቾቹ የሚበዙት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመምህርነት የተመደቡ ስለነበሩ፣ በጊዜው በየአውራጃው የነበሩ ተማሪዎች የመምህራንን እጥረት በእነዚህ ወጣቶች አማካይነት ለማቃለል መቻሉን ያስታውሳሉ።

የዚህ ደንብ መሠረተ ሐሳብ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዩኒቨርሲቲው ዕዳውን በብር አልተመነም፤ ዓመቱን ራሱን የትምህርቱ አንድ ክፍል አደረገው። ዋስትናውም ገንዘብ ሳይሆን ዲግሪው ነበር። አንድ ዓመት ግን አጭር ነው። ወጣቱ ቦታውን ሲለምድ፣ ተማሪዎቹንም ሲያውቅ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አዲስ ይመጣል። ለክፍል ትምህርት ይህ መለዋወጥ የሚቻል ነገር ነው፤ ለጤና ሥራ ግን፣ ሕዝብ ባለሙያውን ሲያምን ብቻ የሚታከም በመሆኑ፣ ጉዳቱ ይከብዳል።

ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር በማሠማራት ይህንኑ ሐሳብ በእጅጉ አስፋው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ምሩቃንን ሁሉ መንግሥት ራሱ ይመድብ ስለነበረ፣ ከመንግሥት ውጭ የረባ ቀጣሪ ባልነበረበት ጊዜ ምደባው በራሱ እንደ ግዴታ ያገለግል ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ፦ ዕጣና ወጪ መጋራት

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የግል ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች በከተሞች ተስፋፉ፤ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ባለሙያ መቅጠር ጀመሩ፤ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ሐኪም ቁጥርም ጨመረ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አዲስ ተመራቂ ሐኪሞችን በዕጣ ለክልሎች ማከፋፈሉን ቀጠለ። ሐኪሙ በሩቅ ክልል ከተመደበ የአገልግሎቱ ግዴታ በዓመታት ያጥር ነበር፤ በመሐል አገር ከተመደበ ደግሞ ይረዝም ነበር። የምስክር ወረቀቱንም የሚረከበው ግዴታውን ሲፈጽም ነበር። እዚህ ላይ የምናየው መርሕ አንድ ነው፦ የቦታው ርቀትና ችግር በዓመታት ይመነዘራል።

በዚሁ ዘመን ሌላ አዲስ ነገር ተጨመረ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 እና የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ሲወጡ፣ ለብዙ ዓመታት በነጻ ይሰጥ የነበረው የከፍተኛ ትምህርት የጋራ ወጪ ያለበት ሆነ። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ 15 በመቶ ያህሉን እንዲጋራ ተደረገ። ክፍያውም ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ የሚፈጸም ሆነ። ለመምህርነትና መንግሥት እንደሚያስፈልጉ ለሚወስናቸው ሌሎች ሙያዎች ግን ዕዳው በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት የሚከፈልበት መንገድ ተከፈተ። በዚህ ደንብ አማካይነት በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የትምህርት ዕዳ በብር ተቆጥሮ በግለሰብ ስም ተጻፈ፤ በአገልግሎት ሊሰረዝ እንደሚችልም ታወቀ።

የዕዳው ክብደት ምን ያህል ነው?

በብር የሚከፈልና በአገልግሎት የሚከፈል ዕዳ አንድ እንዳልሆኑ በምሳሌ መረዳት ይቻላል። 36,000 ብር ዕዳ ያለባቸውን ሁለት ባለሙያዎች እናስብ። አንዱ በሩቅ ወረዳ በ6,000 ብር ደመወዝ ይሠራል፤ ሌላው በከተማ የግል ድርጅት 18,000 ብር ያገኛል። ሁለቱም 10 በመቶ ቢከፍሉ የመጀመሪያው በወር 600 ብር እየከፈለ ዕዳውን የሚጨርሰው በ60 ወር ሲሆን፣ ሁለተኛው 1,800 ብር እየከፈለ በ20 ወር ይገላገላል። እንግዲህ ዕዳው በገንዘብ ብቻ የሚከፈል ቢሆን ቶሎ ነጻ የሚወጣው ከተማ የቀረው ነው። ገጠር የወረደው በደመወዙም በዕዳውም ሁለት ጊዜ ይቀጣል ማለት ነው። በአገልግሎት የሚከፈል ዕዳ ይህን ሚዛን ሊያስተካክል የሚችለው፣ በሩቅ ወረዳ የተሠራ አንድ ዓመት በከተማ ከተሠራ አንድ ዓመት በልጦ ሲቆጠር ነው። በሁለቱም ሥፍራ የተሠራው ዓመት እኩል ዕዳ የሚሰርዝ ከሆነ፣ ማንም አስተዋይ ሰው ሳይንትን ትቶ ደሴን ቢመርጥ ሊወቀስ አይገባውም።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

የአሜሪካ መንግሥት በ1970 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጓድ አቋቁሞ፣ መጀመሪያ ለተማሪዎች የትምህርት ድጎማ፣ ከ1987 ወዲህ ደግሞ ለተመረቁ ባለሙያዎች የዕዳ ክፍያ በመስጠት ሐኪም ወደሌለባቸው አካባቢዎች ይልካል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መሠረታዊ ነው። ድጎማው ገና ምን እንደሚገጥመው ያላወቀውን ተማሪ አስቀድሞ ያስራል፤ የዕዳ ክፍያው ግን ሙያውን ጨርሶ ቦታውን አውቆ የወሰነውን ሰው ይሸልማል።

በጃፓን በ1972 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከየአውራጃው ተማሪዎችን ይቀበላል። ወጪያቸው በብድር ይሸፈናል፤ በተወለዱበት አውራጃ የተማሩበትን ጊዜ አንድ ተኩል ዕጥፍ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ 9 ዓመት ካገለገሉ ብድሩ ይሰረዛል። ታይላንድ ደግሞ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ተመራቂ ሐኪሞችን የሦስት ዓመት አገልግሎት ስታስገድድ፣ ውሉን ለሚያፈርስ የገንዘብ ቅጣት አኖረች፤ ሆኖም የግል ሆስፒታሎች ሲበዙ ቅጣቱን ከፍሎ መውጣት ለብዙዎች የሚከብድ አልሆነም።

እነዚህን የመሳሰሉ ፕሮግራሞችን በአንድነት የመረመረና በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ያገኘው ውጤት ለዕቅድ አውጪዎች ጠቃሚ ነው። የፕሮግራሞቹ ተካፋዮች ካልተካፈሉት ይልቅ ለረጅም ጊዜ ባለሙያ በሚያንስባቸው አካባቢዎች የመሥራት ዝንባሌ አሳይተዋል፤ በመጀመሪያ በተመደቡበት በዚያው ቦታ የመቆየታቸው ነገር ግን ያነሰ ነበር። ይህም ማለት ዕዳው ሰውን ወደ ገጠር ያደርሳል፤ አንድን ጤና ጣቢያ ግን በቋሚነት አያጸናም። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የኢትዮጵያን የመጨረሻ ዓመት የሕክምናና የነርስ ተማሪዎች የጠየቀ ጥናትም በገጠር ለመሥራት ፈቃደኛ የሚያደርጉት ዋና ነገሮች የቤተሰብ የገቢ ሁኔታና ድኾችን የመርዳት ፍላጎት መሆናቸውን አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክርም በአገልግሎት ከሚመለስ ድጎማ ጎን ለጎን በገጠር ያደጉ ተማሪዎች ወደ ጤና ትምህርት ቤቶች እንዲገቡ ማድረግን ይጨምራል።

የዚህን የመጨረሻ ሐሳብ ምስክር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የተወለዱ፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ በደመወዝ ወደዚያው ቀበሌ መልሷል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ባለሙያዎች በዚህ መንገድ ሲሠማሩ፣ ዕዳ ያላሰራቸውን ሰዎች ትውልድ መንደራቸው አቆያቸው።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ የውል ጉዳይ ነው። ግዴታው ከሁለቱም ወገን መከበር አለበት። ባለሙያው የተባለውን ዓመት ሲፈጽም የምስክር ወረቀቱን በቀኑ ማግኘት፣ ዕዳውም መሰረዙ በጽሑፍ መረጋገጥ ይገባዋል። መፈቻ ቀኑ የማይታወቅ ግዴታ ከአገልግሎት ይልቅ ግዞት ይመስላል፤ የሚያፈራውም ባለሙያውን ሳይሆን ምሬትን ነው።

ሁለተኛ፣ የቦታው ጉዳይ ነው። መኖሪያ ቤት፣ ውሃ፣ መብራት፣ መድኃኒትና የመማር ዕድል በሌለበት ሥፍራ የዕዳ ስረዛ ብቻውን አይበቃም። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈው አገልግሎታቸው ተቋርጦ ነበር። ባለሙያ ያለ መሣሪያ ምን ያህል ባዶ እጁን እንደሚቀር የዚያ ወራት ኑሮ በግልጽ አሳይቷል። በጀትም የዚሁ አካል ነው። በቅርብ ዓመታት የወረዳ ተቋማት ሐኪም እየፈለጉ፣ የተመረቁ ሐኪሞች ደግሞ የሚቀጥራቸው የሥራ መደብ አጥተው ተቀምጠው መታየታቸው፣ ግዴታን ብቻ መጻፍ መደብ እንደማይፈጥር ያስረዳል።

ሦስተኛ፣ የምርጫ ጉዳይ ነው። በአቀስታ ወይም በመካነ ሰላም የተማረ ልጅ ሐኪም ሆኖ ወደዚያው ቢመለስ፣ የሚመለሰው ወደ ሰዎቹ ነው። ነገር ግን ይህ ልጅ ወደ ሕክምና ትምህርት እንዲገባ አስቀድሞ የሳይንስ መምህር፣ የላቦራቶሪ ዕቃና የሚያበረታታው ሰው ሊኖረው ይገባል።

ማጠቃለያ

ዕዳን በአገልግሎት መክፈል ከውጭ የመጣብን ሐሳብ አይደለም፤ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ስሙን እየለዋወጠ አብሮን የኖረ ነው። ገንዘቡ፣ ዲግሪው ወይም ዕጣው ሐኪሙን እስከ ወረዳው በር ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚያቆየው ተቋሙ፣ ሕዝቡና የራሱ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች የሩቁን ዓመት ከቅርቡ አብልጠው የሚቆጥር፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ ውል ቢያዘጋጁ፣ ካለፉት ሙከራዎች ሁሉ የተሻለ ፍሬ ይገኛል የሚል እምነት አለ። መምህራን በበኩላቸው የዚህን ሥራ የመጀመሪያ ክፍል በየዕለቱ በእጃቸው ይዘውታል። ራሳቸው የትምህርታቸውን ዕዳ በገጠር ክፍል ውስጥ የሚከፍሉ መምህራን፣ ከፊታቸው ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ነገ ያንኑ መንደር የሚያክመውን ልጅ ፈልገው ቢያገኙትና ቢያዘጋጁት፣ ከተጠየቁት በላይ ከፍለዋል ማለት ነው።