የስልክ ሥርዓተ ክወና የሚጠቀሙ አነስተኛ ላፕቶፖች ለቢሮ ሥራ ያላቸው ፋይዳ

አነስተኛ ላፕቶፕ ወይም በተለምዶ "ኔትቡክ" የሚባለው መሣሪያ ኢንተርኔት ለመጠቀም፣ ደብዳቤ ለመጻፍና መሰል ቀላል ሥራዎችን ለማከናወን ተብሎ በአነስተኛ ዋጋ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። ይህ ዓይነቱ ኮምፒውተር በስፋት መታወቅ የጀመረው የታይዋኑ አሱስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 "ኢኢ ፒሲ 701" የተሰኘውን ምርት ለገበያ ካቀረበ በኋላ ሲሆን፣ ምርቱ ባለ 7 ኢንች ስክሪን፣ ክብደቱም 1 ኪሎ ግራም የማይሞላ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በአንድሮይድ የሚሠራ የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ስልክ ለሽያጭ ቀረበ። አንድሮይድ ለአምራቾች ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚሰጥ ሥርዓተ ክወና (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) በመሆኑ፣ በአነስተኛ ላፕቶፖች ላይ ቢጫን ዋጋቸውን ይበልጥ ይቀንሳል የሚል ተስፋ አሳደረ። ኤሰር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድሮይድንና ዊንዶውስ ኤክስፒን ጎን ለጎን የያዘውን "አስፓየር ዋን ዲ250" ሲያቀርብ፣ ቶሺባ ደግሞ በ2010 በአንድሮይድ ብቻ የሚሠራውን "ኤሲ100" ለገበያ አዋለ።

የእነዚህ መሣሪያዎች ጠንካራ ጎን ከአሠራራቸው የመነጨ ነው። እንደ ኤሲ100 ያሉት በስልኮች ውስጥ የሚገኘውን የአርም ፕሮሰሰር የሚጠቀሙ በመሆናቸው የኤሌክትሪክ ፍጆታቸው አነስተኛ ነው። ስለሆነም በቀላል ባትሪ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራሉ፤ ሙቀታቸውም ዝቅተኛ ነው። ሲከፈቱም እንደ ስልክ ወዲያውኑ ለሥራ ዝግጁ ይሆናሉ።

ይሁን እንጂ ለቢሮ ሥራ ሲውሉ ጉድለታቸው ጎልቶ ታይቷል። በወቅቱ የነበረው አንድሮይድ በጣት ለሚነካ አነስተኛ የስልክ ስክሪን የተዘጋጀ እንጂ ለኪቦርድና ለሰፊ ስክሪን የታሰበ አልነበረም። ኤሲ100 ለገበያ ሲቀርብ የጎግልን የፕሮግራሞች መደብር ለመጠቀም አያስችልም ነበር። ለዊንዶውስ የተሠሩ የሒሳብና የመዝገብ ፕሮግራሞችም አይሠሩበትም። ሰነድ በቀጥታ ወደ ፕሪንተር የመላክ አገልግሎት ከአንድሮይድ ጋር የተዋሃደው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ የማይክሮሶፍት ኦፊስ ፕሮግራሞች ለአንድሮይድ ታብሌቶች በይፋ የቀረቡት በ2015 ነው።

የአማርኛ ተጠቃሚዎች ተጨማሪ ችግር ገጥሟቸው ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ደረጃ ቢካተትም፣ የመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ዓይነቶች የፊደሉን ቅርጽ ባለመያዛቸው የአማርኛ ጽሑፍ በባዶ ሳጥኖች ይተካ ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ ግን በ2007 "ኒያላ" የተሰኘውን የፊደል ቅርጽ ይዞ ቀርቧል። በአሁኑ ጊዜ አንድሮይድ አማርኛን በአግባቡ የሚያሳይ ሲሆን፣ የአማርኛ ኪቦርድም ይገኝለታል።

አይፓድ እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ መቅረቡን ተከትሎ የገዢዎች ትኩረት ወደ ታብሌቶች ዞረ። አሱስም በ2011 ተነቃይ ኪቦርድ ያለው የአንድሮይድ ታብሌት አቀረበ። በዚያው ዓመት ለላፕቶፕ ተብሎ በተዘጋጀ ሥርዓተ ክወና የሚሠሩት ክሮምቡኮች ለሽያጭ ቀረቡ፤ ከ2016 ጀምሮም የአንድሮይድ ፕሮግራሞችን መጠቀም ቻሉ። ጎግል በ2025 ሁለቱን ሥርዓቶች ወደ አንድ የማዋሃድ ዕቅድ እንዳለው ማስታወቁ፣ ሐሳቡ ከነጭራሹ የከሸፈ ሳይሆን ጊዜውን ቀድሞ የመጣ እንደነበር ያመለክታል።

ከዚህ ተሞክሮ መረዳት የሚቻለው የመሣሪያው ጠቀሜታ በሚሠራበት ሥራ ዓይነት የሚወሰን መሆኑን ነው። የስልክ ሥርዓተ ክወና ቅጽ ለመሙላት፣ ፎቶግራፍና የቦታ መረጃ ለመያዝ እንዲሁም ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ ለሚከናወን የመስክ ሥራ ተስማሚ ነው። በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም የተወሰነው አራተኛው የኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በወረቀት ቅጽ ፋንታ በታብሌት እንዲካሄድ መታቀዱም በዚሁ ምክንያት ተገቢ ምርጫ ነበር። በአንጻሩ ረጃጅም ሰነዶችንና ሰፋፊ የሒሳብ ሠንጠረዦችን በየዕለቱ ለሚያዘጋጅ ሠራተኛ የተለመደው ኮምፒውተር የተሻለ ነው።

ለመሥሪያ ቤቶች ግዥ ሲታሰብ ከዋጋው በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ነጥቦች አሉ። እነዚህም መሥሪያ ቤቱ የሚገለገልባቸው ፕሮግራሞች በመሣሪያው ላይ መሥራታቸው፣ አማርኛ ያለ ችግር መጻፍና ማተም መቻሉ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው የሚቀጥል መሆኑ እንዲሁም አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ የሚሰጥበት ጊዜ ናቸው። በተለይ የመጨረሻው ነጥብ በግዥ ወቅት በቀላሉ ይዘነጋል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 ለክሮምቡኮች የ10 ዓመት ማሻሻያ እንደሚሰጥ ያስታወቀ ሲሆን፣ በአንድሮይድ መሣሪያዎች ግን ጊዜው ከአምራች አምራች ይለያያል። ማሻሻያው የተቋረጠበት መሣሪያ አካሉ ባይበላሽም የመንግሥትን መረጃ ለአደጋ ያጋልጣል፤ በርካሽ የተገዛውም ዕቃ ቶሎ መተካት ስለሚኖርበት ወጪው ከታሰበው በላይ ይሆናል።