ጨዋታ፣ ትዝታና ግለ ታሪክ፦ ሳቅና ሐዘን የተቀላቀለበት የሕይወት ትረካ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ

መግቢያ

ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲነገር ልብ ወለድ፣ ተውኔትና ግጥም ሰፊውን ቦታ ይይዛሉ። የሕይወት ትረካ፣ በተለይም ባለታሪኩ የኖረውን እያዋዛ የሚያወጋበት ዓይነት፣ ሲጠቀስ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ለታሪክ ተመራማሪ በሚያቀብለው መረጃ ነው። ተመራማሪው ዘመኑንና የሹማምንቱን ስም ከመጽሐፉ ለቅሞ ከወሰደ በኋላ ጨዋታውን እንደ ገለባ ይተወዋል። የሥነ ጽሑፍ ሰው ደግሞ «ይኸ ታሪክ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ምክንያት ትረካው በሁለት ቤቶች መካከል ባለቤት አጥቶ ቆይቷል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በአማርኛ «እኔ» ብሎ የራስን ሕይወት መጻፍ የቻለው በአንድ በኩል በመኳንንቱ ማስታወሻ፣ በሌላ በኩል በቃል ጨዋታ በኩል ተጉዞ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ በእነዚህ ትረካዎች ውስጥ ያለው ሳቅ ለጌጥ የተጨመረ ሳይሆን ሐዘኑን ለመናገር የሚያስችለው መሣሪያ መሆኑን ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች አፍ የሕይወት ትረካ እየሰበሰብሁ በመሆኔ፣ ጥያቄው ለእኔ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የቱን ቃል እንዳለ እንደምጽፍ፣ የቱን እንደማርመው በየገጹ እንድወስን ያስገድደኛል።

ከገድል እስከ ማስታወሻ

በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ የሰው ሕይወት በሁለት ዐቢይ መንገድ ይተረካል። ቅዱሱ በገድል፣ ንጉሡ በዜና መዋዕል። ሁለቱም ባለታሪኩን «እርሱ» ይላሉ። ገድሉን የሚጽፈው ደቀ መዝሙር፣ ዜና መዋዕሉን የሚጽፈው የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነው። ባለታሪኩ ራሱ ብዕር ይዞ «እንዲህ ሆንሁ፣ እንዲህም አደረግሁ» ቢል ውዳሴ ከንቱ ይሆንበታል። ራስን ማመስገን ነውር፣ ራስን ማማትም ከሰው ፊት የሚያሳንስ በመሆኑ ለ«እኔ» የተተወው ቦታ ጠባብ ነበር። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ በራስ ሕይወት ታሪክ መጀመሩ ይታወቃል፤ ሆኖም ስለ ደራሲው ማንነት በምሁራን መካከል የተነሣው ክርክር ያላባራ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ጉዳይ መሠረት ላደርገው አልደፍርም።

በኻያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1915 ዓ.ም. ሲያሳትሙ፣ የብዙ ሰዎችን ታሪክ በአጭር በአጭሩ አቀረቡ። መጽሐፉ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን የታሰበ ነው። በዚህ ሥራ የሕይወት ታሪክ ከቅዱሱና ከንጉሡ ወርዶ ወደ ሹሙና ወደ ሊቁ ደረሰ። ነገር ግን አሁንም ተራኪው ሌላ፣ ባለታሪኩ ሌላ ነው።

«እኔ» በግልጽ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሳሉ መጻፍ የጀመሩት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያው ክፍል በ1965 ዓ.ም. ታተመ። የደጃዝማች ከበደ ተሰማ «የታሪክ ማስታወሻ» ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። የልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» የታተመው ጸሐፊው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የሕይወቴ ታሪክ» እንዲሁ ከሞታቸው ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ለኅትመት በቃ።

የርእሶቹን ቃላት እንመልከት። «ማስታወሻ»፣ «ካየሁት»፣ «ከማስታውሰው»። ጸሐፊው «ስለ ራሴ ልናገር» አይልም፤ «ያየሁት እንዳይጠፋ» ይላል። የራስ ሕይወት የሚገባው በአገር ታሪክ ምስክርነት ስም ነው። ምስክር ደግሞ በችሎት ፊት አይስቅም። ስለዚህ በእነዚህ ሥራዎች ጨዋታ ቢኖርም ተሸሽጎ ነው። ይኸ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ነው። በ1913 ዓ.ም. አካባቢ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፣ እንስሳትን አናግረው ሹማምንትን የተቹ ሰው ናቸው። በግለ ታሪካቸው ውስጥ ከዐድዋ ዘመቻ ወደ ሩሲያ የተወሰደውን ልጅ ባሳዩበት ክፍል ይኸው ተሰጥኦ ብልጭ ይላል። ልጁ አድጎ የመንግሥት ሰው ሲሆን ግን ድምፁ ይከብዳል። ሹመት ሳቅን እንደሚያርቅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የአለቃ ለማ ጨዋታ

ከዚህ ወግ ወጣ ያለው ሥራ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ነው። የታተመው በ1959 ዓ.ም. ሲሆን አሰናጁ የባለታሪኩ ልጅ መንግሥቱ ለማ ነው። «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን የጻፈው ኮሜዲ ዐዋቂ የአባቱን ጨዋታ በቴፕ ቀድቶ ወደ ጽሑፍ መለሰው። እዚህ ላይ ሦስት አዲስ ነገሮች በአንድ ጊዜ ተገናኙ።

አንደኛ፣ ባለታሪኩ የቅኔ መምህር እንጂ ሹም አይደለም። ምስክርነቱ የመንግሥትን ሥራ ለመከላከል የቀረበ ባለመሆኑ ነጻ ነው። ሁለተኛ፣ የራስን ታሪክ የመናገር ነውር ተቃለለ። አባት ለልጁ ማውጋቱ ራስን ማመስገን አይባልም፤ እንዲያውም ከአባት የሚጠበቅ ግዴታ ነው። ልጅም የአባቱን ቃል መጻፉ ክብር ነው እንጂ ውዳሴ ከንቱ አይደለም። የጥንቱ ገድል አሠራር፣ ማለትም ባለታሪኩ ሌላ ጸሐፊው ሌላ መሆኑ፣ ተመልሶ መጣ፤ ልዩነቱ በዚህኛው «እርሱ» የነበረው «እኔ» መሆኑ ነው። ሦስተኛ፣ አዘጋጁ የንግግሩን ለዛ በጽሑፍ አማርኛ አልለወጠውም። አረፍተ ነገሩ ይቆረጣል፣ ይመለሳል፣ ነገር ከነገር ይወልዳል። አንባቢው የሚሰማው ሰው ሲናገር ነው።

የመጽሐፉ ሳቅ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቅኔ ቤት ይመስለኛል። የቆሎ ተማሪ ሕይወት በራሱ የሐዘንና የሳቅ ድብልቅ ነው። ልጁ ከእናት ከአባቱ ኮብልሎ፣ ለምድ ደርቦ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን ውሻ ይነክሰዋል፣ ብርድ ይቆጋዋል፤ ማታ ጎጆው ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲገናኝ ግን የውሻው ነገር የሳቅ ምንጭ ይሆናል። በዚያ ላይ ትምህርቱ ራሱ ሰምና ወርቅ ነው። በአንድ ቃል ሁለት ነገር ማለትን የለመደ አእምሮ፣ በአንድ ገጠመኝ ውስጥ ሳቅና ሐዘንን አብሮ ማየት አይከብደውም። የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታዎች ከዚሁ ቤት ወጥተው በአገሩ ሁሉ የተሠራጩት ለዚህ ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ በአለቃ ገብረ ሐና ስም የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው አይደለም፤ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ በስማቸው ይጠመቃል። ነገር ግን ይህም ራሱ የሚያስረዳው አለ፤ ሕዝቡ ጨዋታን የሚወደው ከሰው ሕይወት ጋር ሲያያዝለት ነው።

መንግሥቱ ለማ በ1980 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ የራሱ ግለ ታሪክ «ደማሙ ብዕረኛ» በሚል ርእስ በ1988 ዓ.ም. ታተመ። አባት በልጅ ብዕር፣ ልጅ በራሱ ብዕር ተናገሩ ማለት ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከቃል ወደ ጽሑፍ የተደረገውን ጉዞ ለማጥናት ለሚሻ ተማሪ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማንበብ ጥሩ መነሻ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሰፍቷል። ሐዲስ ዓለማየሁ የጦርነቱን ዘመን በ«ትዝታ» (1985 ዓ.ም.) አቀረቡ። መስፍን ሀብተ ማርያም «የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች» በተሰኘው ሥራው ዕለታዊ ገጠመኝን በፈገግታ የሚያይ ወግ ለአማርኛ አበረከተ። በእኛ ዘመን በዕውቀቱ ሥዩም በ«ከአሜን ባሻገር» (2008 ዓ.ም.) ራሱን የቀልዱ ዒላማ እያደረገ የጉዞውንና የንባቡን ነገር ያወጋል። በራስ ላይ መሳቅ ራስን የማመስገን ነውር ሦስተኛው መውጫ ነው። ምስክር መሆን፣ ለልጅ ማውጋት፣ በራስ መሳቅ፤ አማርኛው «እኔ» የሚልባቸው ሦስት በሮች እነዚህ ናቸው እላለሁ።

ያልተጻፈው ክፍል

እስካሁን ከጠራኋቸው መካከል አንዲት ሴት የለችም። ይህ የሆነው ሴቶች ስለማያወጉ አይደለም። ቡና በተፈላ ቁጥር የሚወራው ምን ሆነና! የአለቃ ለማ ዓይነት ጨዋታ በየቤቱ አለ፤ የጎደለው ቴፕ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የአይዳ እደማርያም መጽሐፍ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ የጎንደሯን አያቷን የየተመኙን ሕይወት ከአያቲቱ ትረካ ተነሥታ አቅርባለች። በአማርኛ የተወራው ሕይወት በሌላ ቋንቋ መጽሐፍ መሆኑ የሚያስደስትም የሚያስቆጭም ነው።

ከሰበሰብኋቸው ትረካዎች አንዱን በአጭሩ ላቅርብ። ተራኪዋ ጠላ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ጎልማሳ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ የዱቤ ጠጪዎቻቸውን ዕዳ በከሰል ግድግዳ ላይ በመስመር ይመዘግቡ ነበር። ጠጪዎቹ መስመሩን በክንዳቸው እየደገፉ ያጠፉባቸዋል። «ፊደል የቆጠርሁት አገር ላለማ ብዬ መሰለህ ልጄ? የሌባ ክንድ ለመርታት ነው እንጂ!» ሲሉ ይስቃሉ። የመጀመሪያው ደብተራቸው የባለዕዳዎች መዝገብ ሆነ። ፊደሉን ሲያጣምሙ የአንዱን ባላባት ስም የስድብ ቃል አድርገው ጽፈውት፣ ሰውየው አንብቦ ዕዳውን በዚያው ቀን ከፈለ።

ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ፣ በተነሣበት ጧት አንድ ጣሳ ጠላ ጠጣ። እርሳቸውም ለጨዋታ ስሙን ከባለዕዳዎቹ ተርታ ጻፉት። «ስትመለስ ትከፍላለህ» አሉት። አልተመለሰም። ሌሎቹ ዕዳዎች ሁሉ ተሰርዘዋል፤ ያ አንድ መስመር አልተሰረዘም። «ዕዳ ያለበት ሰው ይመጣል ብዬ ነው» አሉኝ፤ ይህንም ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር።

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። ይህን ትረካ ለታሪክ ብቻ የሚፈልግ ሰው የዘመቻውን ዓመትና የውትድርናውን አዋጅ ይወስዳል፤ ሁለቱንም ከሌላ ሰነድ ሊያገኝ ይችላል። ከዚህ በቀር የማይገኘው የባለዕዳዎቹ መዝገብ ነው። የክንዱና የባላባቱ ቀልድ «ለጉዳዩ አግባብ የለውም» ተብሎ ቢቆረጥ፣ የመጨረሻው መስመር ክብደቱን ያጣል። አንባቢው በመዝገቡ ሲስቅ ቆይቶ ነው ልጁን ከመዝገቡ ውስጥ የሚያገኘው። ሐዘኑን የተሸከመው ሳቁ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለአሰባሰብ የሚጠቅም ነገር መናገር ይቻላል። ሰብሳቢው «ልጅነትዎ እንዴት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው ለእንግዳ የተሰናዳ መልስ ነው፤ ስለ አንድ ዕቃ፣ ስለ መዝገቡ ወይም ስለ ጣሳው፣ ቢጠይቅ ግን ሕይወቱ ራሱ ይመጣል። ሲጽፍም ተናጋሪው የሳቀበትን፣ ዝም ያለበትን ስፍራ ማመልከት፣ ድጋሚውንም በችኮላ አለመቁረጥ ይገባዋል። የሌላ ሰው ስም የሚያስነቅፍ ከሆነ ስሙን ይተው፤ ሥራውን ግን አይተው። ትረካውም ከመታተሙ በፊት ለባለታሪኩ ይነበብለት። ይህ ሲሆን ባለታሪኩ ብዙ ጊዜ ሌላ ጨዋታ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ማጠቃለያ

በአማርኛ የግለ ታሪክ ዕድገት ከገድል ወደ ማስታወሻ፣ ከማስታወሻ ወደ ወግ የሄደ ቀጥተኛ መሥመር አይደለም። ከጎኑ ምንጊዜም የቃል ጨዋታ ነበረ፤ ጽሑፉ ሲደርቅ የሚያርሰውም እርሱ ነው። «መጽሐፈ ትዝታ» ታላቅ የሆነው ይህን ውኃ ሳያደፈርስ በመቅዳቱ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ከታተመ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ዛሬ የመቅጃው መሣሪያ በየተማሪው ኪስ ውስጥ እያለ ተከታዮቹ እጅግ ጥቂት ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ክፍላችን ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ ወደ መጻሕፍት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ወደ አያቶቻቸው ቢሄዱ የሚያገኙት ትርፍ ሁለት ነው፤ ጽሑፉ ይሠራል፣ ሰውም ይሰማል። መጻሕፍት ቤቱ ነገም በስፍራው ይቆያል፤ አያት ግን እስከ መቼ እንደምትቆይ አይታወቅም።