የልብ ተሃድሶ፦ በሆስፒታል ወይስ በቤት?

ካርዲያክ ሪሃቢሊቴሽን የሚባለውን የሕክምና ዘርፍ በአማርኛ «የልብ ተሃድሶ» ልንለው እንችላለን። ልቡ ደክሞ ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሆስፒታል የወጣ ሰው ወደ ሥራውና ወደ ኑሮው እንዲመለስ የሚረዳ ክትትል ነው። በልክ የታዘዘ እንቅስቃሴ፣ የመድኃኒትና የአመጋገብ ትምህርት፣ ለፍርሃቱና ለጭንቀቱም ምክር አለው። «ተኝተህ ዕረፍ» ብቻ ተብሎ ለሚሸኝ ታካሚ ትልቅ ለውጥ ነው።

በሆስፒታል ሲሰጥ ታካሚው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት እየተመላለሰ በባለሙያ ፊት ይሠራል። በቤት ሲሆን ያንኑ ዕቅድ በመንደሩ ይፈጽማል፤ ነርስ ወይም ፊዚዮቴራፒስት በስልክ ወይም በጉብኝት ይከታተለዋል። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር መረብ ሁለቱን ያወዳደሩ ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሯል። እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ በሞት መጠንም፣ በአካል ብቃትም፣ በኑሮ ጥራትም የጎላ ልዩነት አላገኘም። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት በበለጸጉ አገሮች ቢሆንም ውጤቱ እኛን ይበልጥ ይመለከተናል።

ለምሳሌ ከደባርቅ ሆስፒታሉ እስካለበት እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከገጠር ለሚመጣው ደግሞ አስፋልት እስኪደርስ የእግር መንገድ አለ። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ይህን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስ ማለት ሕክምናውን መከልከል ነው። በዚያ ላይ ከልብ ታካሚዎቻችን ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ገና ብዙ ሊኖሩ የሚገባቸው ናቸው።

ሕክምናን ወደ ታካሚው ማቅረብ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። የጎንደር ሆስፒታል ሐኪሞች፣ እነ ፕሮፌሰር ሺታዬ ዓለሙ፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትልን በሠለጠኑ ነርሶች አማካይነት ወደ ጤና ጣቢያዎች አውርደውታል። የልብ ተሃድሶም በዚሁ መንገድ መውረድ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ዕቅዱ ግን የደጋውን ኑሮ ማወቅ ይኖርበታል። እርምጃው ልክ የሚሆነው እየሄዱ ማውራት ሲቻል ነው፤ ቃል መሐል ትንፋሽ ከተቆረጠ ፍጥነቱ በዝቷል። ሜዳ ላይ የታዘዘው ዐሥር ደቂቃ ዳገት ላይ ሌላ ሸክም ነው። በሁዳዴ የሚሰግዱ እናት «እማማ፣ ስንት ይሰግዳሉ?» ተብለው ሊጠየቁ ይገባል፤ ስግደት ከባድ እንቅስቃሴ ነውና። ሚዛን በሌለበት ቤት የጠበበ ጫማና ያበጠ ቁርጭምጭሚት ሰውነት ውኃ መቋጠሩን ይናገራሉ። በእንቅስቃሴ ጊዜ ራሱን የሚስት ወይም ቫልቩ በጣም የጠበበ ሰው ግን እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት በሆስፒታል መመርመር አለበት።

የሩማቲክ ሕሙማን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለፔኒሲሊን መርፌ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ያን ቀን ነርሷ የተሃድሶውን ለውጥ ለመከታተል በ6 ደቂቃ ውስጥ ስንት ሜትር እንደሚራመዱ ለክታ ካርዳቸው ላይ ልትጽፍ ትችላለች። የሚያስፈልጋት 30 ሜትር ደልዳላ ቦታና ሰዓት ነው።