የአጥር ዋጋ፦ ከምዕራብ አውስትራሊያ የጥንቸል አጥር እስከ አበርዴር የኤሌክትሪክ አጥር

አጥር ለማሠራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የሽቦውንና የቋሚውን ዋጋ ነው። እኛም ስለ እንስሳት አጥር ታሪክ መመርመር ስንጀምር በመጀመሪያ የፈለግነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን የልዩ ልዩ አገሮችን ሥራ ስናነጻጽር፣ አጥርን አጥር አድርጎ የሚያኖረው በተተከለበት ዘመን የወጣው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለጠባቂውና ለጠጋኙ የሚወጣው ገንዘብ መሆኑን ተረዳን። ለዚህ አሳብ ማስረጃ እንዲሆኑ ሁለት አጥሮች መርጠናል፤ አንደኛው ከመሬት በታች በተቀበረ የሽቦ መረብ፣ ሁለተኛው በመረብና በኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥንቸል ለአውስትራሊያ እንግዳ እንስሳ ነው። በ1859 ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለ ርስት በቪክቶሪያ ግዛት ለአደን እንዲሆኑት ብሎ ጥቂት የዱር ጥንቸሎች ለቀቀ። እነዚያም ተራብተው የእህልና የግጦሽ መሬት እያጠፉ ወደ ምዕራብ ተጓዙ። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት በ1901 መርማሪ ጉባኤ አቁሞ ነገሩን ካስጠና በኋላ፣ ግዛቱን ከደቡብ ባሕር እስከ ሰሜን ባሕር የሚያቋርጥ አጥር ማሠራት ጀመረ።

የአጥሩ አሠራር ቀላል ነበር፤ ቋሚዎቹ በየ12 ጫማው ተተከሉ፣ በላያቸውም ሽቦ ተወጠረ፣ በሽቦውም ላይ መረብ ታሰረ። ዋናው ብልኀት ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ጥንቸል ምሶ የሚያልፍ እንስሳ ስለ ሆነ የመረቡ ግርጌ 6 ኢንች ያህል ወደ አፈር እንዲገባ ተደረገ። ይህም ማለት በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ላይ ቦይ መቆፈርና መልሶ መድፈን ማለት ነው። ሥራው በመጀመሪያ ለኮንትራክተሮች ተሰጥቶ ነበር፤ ከ1904 ጀምሮ ግን ሪቻርድ አንኬቴል የተባለው የመንግሥት ሹም 120 ሠራተኞች፣ 350 ግመሎች፣ 210 ፈረሶችና 41 አህዮች ይዞ ሥራውን መራው። በ1907 ሲፈጸም የመጀመሪያው አጥር ርዝመት 1,833 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በኋላ ከተጨመሩት ሁለት አጥሮች ጋር ሲደመር 3,256 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ይሁን እንጂ እውነተኛው ወጪ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አሸዋ መረቡን ይቀብረዋል፣ ጎርፍ ከሥሩ ያለውን አፈር ይጠርገዋል፣ ዛፍ ይወድቅበታል፣ መንገደኛም በሩን ሳይዘጋ ያልፋል። አንዲት ቀዳዳ የመቶ ኪሎ ሜትሩን ሥራ ከንቱ ታደርገዋለች። ስለዚህ ዋናው ተቈጣጣሪ አሌክሳንደር ክሮፎርድ በበታቹ 25 ጠባቂዎች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸውም 100 ማይል ያህል ይጠብቁ ነበር። በብስክሌትም ተሞከረ፣ በመኪናም ተሞከረ፤ ከሁሉ የተሻለው ሁለት ግመሎች የሚስቡት ጋሪ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ አሳብ ሊነሣ ይችላል። ጥንቸሎቹ የመጀመሪያው አጥር ሳይፈጸም በ1902 ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ተገኝተዋልና፣ ጥፋቱ የጠባቂ ማነስ ሳይሆን የሥራው መዘግየት ነው የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር ትክክል ነው፤ ሁለተኛው አጥር የተሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዳሩ ግን ጊዜም ከበጀቱ አንድ ክፍል መሆኑን ያሳያል እንጂ አሳባችንን አያፈርስም። በ1950ዎቹ ጥንቸሎቹን በብዛት የጨረሰው ሚክሶማቶሲስ የተባለው በሽታ ከገባ በኋላም፣ በየጊዜው ገንዘብ የተመደበለት የአጥሩ ክፍል የዱር ውሻንና ኢምዩ የተባለችውን ታላቅ ወፍ ለመከላከል እስከ ዛሬ ያገለግላል። የተተወው ግን ወደቀ።

የኤሌክትሪክ አጥር ይህን ችግር ያቃልላል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ1930ዎቹ በኒው ዚላንድ ዊልያም ጋላገር ይህን ዓይነት አጥር መሥራት ጀመረ፤ እንደሚነገረውም አሳቡ የመጣለት ፈረሱ በመኪናው ላይ እየታከከ ስላስቸገረው ነው። በ1962 ደግሞ በዚያው አገር ዳግ ፊሊፕስ ሣር ቢነካውም ኃይሉ ቶሎ የማይደክም መሣሪያ ሠራ፤ በዚህም የአጥሩ ርዝመት ከጥቂት መቶ ሜትር ወደ ብዙ ኪሎ ሜትር ደረሰ። እንስሳው የሚቆመው በሽቦው ጥንካሬ ሳይሆን በድንጋጤው ስለ ሆነ ቋሚውም ሽቦውም ያንሳል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ነገር ግን ይህም አጥር ከመሬት በታች ሥር አለው። እንስሳው ሽቦውን ሲነካ ኃይሉ በሰውነቱና በአፈሩ አልፎ ወደ መሣሪያው የሚመለሰው በተቀበሩ የብረት ዘንጎች ነው። አፈሩ በበጋ ሲደርቅ ኃይሉ ይደክማል፤ በዘንጎቹ ላይ ገንዘብ የቈጠበ ሰው አጥሩን በሙሉ ያጣል።

ሁለቱን ጥበብ አንድ ያደረገው በኬንያ የአበርዴር ተራሮች አጥር ነው። በ1988 ራይኖ አርክ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት አውራሪስን ከአዳኞች፣ የገበሬውንም እርሻ ከዝሆን ለማዳን ተቋቋመ። በመጀመሪያ የታሰበው በምሥራቅ በኩል እርሻና ዱር የሚዋሰኑበትን ጥቂት ርቀት ለማጠር ብቻ ነበር። ገንዘቡ በየዓመቱ ከሚደረግ የመኪና ውድድርና ከልዩ ልዩ ለጋሾች እየተሰበሰበ፣ አጥሩ በተገኘው ገንዘብ ልክ በኪሎ ሜትር እየተቀጠለ በ2009 መላውን ተራራ ዞረ፤ ርዝመቱም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለበት፣ ከግርጌው ምሶ የሚያልፈውን የሚያግድ መረብ ተቀብሮበታል። ከአካባቢው የተቀጠሩ ሰዎችም ሽቦውን የሚነካውን ቅጠል እየመነጠሩና የተበጠሰውን እየቀጠሉ ይኖራሉ። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ የአውስትራሊያውን ባለ ጋሪ ጠባቂ ሥራ ቀየረው እንጂ አላስቀረውም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ ገበሬ አዲስ አይደለም። ዝንጀሮንና ከርከሮን ለመከላከል በማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ልጅ፣ እሳት አንድዶ የሚያድረውም አባት፣ የአጥሩ ዋጋ ናቸው፤ ልዩነቱ የልጁ ከትምህርት ቤት መቅረትና የአባቱ እንቅልፍ ማጣት በማናቸውም የበጀት መዝገብ አለመጻፋቸው ነው። ስለዚህ ለእርሻም ሆነ ለዱር አራዊት አጥር በጀት የሚያዘጋጅ ሁሉ፣ ከሽቦና ከቋሚ ዋጋ ቀጥሎ ለቦዩና ለዘንጉ፣ ከዚያም አጥሩ እስከሚኖርበት ዘመን ድረስ ለጠባቂው ደመወዝ ቦታ ሊሰጥ ይገባዋል። ይህን ሦስተኛ መሥመር ባዶ የተወ ሰው፣ ያሠራው አጥር ሳይሆን ጊዜው እስኪደርስ የሚቆም የሽቦ ክምር ነው።