መድኃኒት የተላመደ የጡት ካንሰርና የብርሃን ሕክምና

በምዕራብ ሸዋ ዞን በደንዲ ወረዳ፣ በጭልሞ ደን አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት በጡቷ ላይ እብጠት ብታገኝ በቅድሚያ የምትሄደው ወደ ግንጪ ወይም ወደ አምቦ ነው። የጨረር ሕክምና ካስፈለጋት ግን ጉዞዋ ይረዝማል፤ በአገሪቱ ለበርካታ ዓመታት ይህን ሕክምና ይሰጥ የነበረው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሕሙማን ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

በዚህ ጊዜ ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ ካንሰሩ መድኃኒቱን መላመዱ ነው። በአንዳንድ የካንሰር ሕዋሳት ሽፋን ላይ የሚገኝ ፕሮቲን እንደ ፓምፕ እየሠራ የገባውን መድኃኒት መልሶ ያስወጣል። ሄር-2 በተባለው ፕሮቲን ላይ ያነጣጠረው ትራስቱዙማብም ቢሆን ሕዋሱ ሌላ የዕድገት መንገድ ካገኘ ኃይሉ ይዳከማል።

የብርሃን ሕክምና የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ኦስካር ራብ የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ አክሪዲን የተሰኘ ማቅለሚያ ብርሃን ሲያርፍበት ረቂቅ ነፍሳትን እንደሚገድል አስተዋለ። ማቅለሚያው፣ ብርሃኑና በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲገናኙ ሕዋሱን የሚያቃጥል የኦክስጅን ዓይነት ይፈጠራል። ፎቶፍሪን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1993 በካናዳ ለሽንት ፊኛ ካንሰር ተፈቅዷል።

ዒላማውን የለየው ዘዴ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሂሳታካ ኮባያሺና ባልደረቦቻቸው ማቅለሚያውን ከአንቲቦዲ ጋር በማጣመር በአይጦች ላይ ሞከሩት። በዚህ ዘዴ የአንቲቦዲው ድርሻ ማቅለሚያውን ወደ ሕዋሱ ማድረስ ስለሆነ፣ ሄር-2 ከሕዋሱ ላይ እስካልጠፋ ድረስ ትራስቱዙማብን የተቋቋመ ካንሰርም በብርሃኑ ሊመታ ይችላል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2020 ዘዴውን የፈቀደችው ለራስና አንገት ካንሰር ነው፤ ለጡት ካንሰር ገና በምርምር ላይ ይገኛል።

ገደቡም ሊታወቅ ይገባል። ብርሃኑ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ በደረት ቆዳ ላይ ላገረሸ ዕጢ ሊረዳ ቢችልም፣ በጉበትና በአጥንት ለተሰራጨው አይደርስም። ፎቶፍሪን የወሰደ ሕመምተኛም ቢያንስ ለ30 ቀናት ቆዳውንና ዓይኑን ከፀሐይ መከላከል አለበት፤ በደጋ ፀሐይ በማሳ ላይ ለምትውል ገበሬ ይህ ቀላል ግዴታ አይደለም።